በጨለማው ዋሻ የያዝኩት ነጠላ

የበዓል መንገደኛን ከሌላው መንገደኛ ለመለየት አዋቂ መሆን አያስፈልግም። መናኸሪያ ሄዳችሁ ፊቱን ብቻ ተመልከቱ። ለቅሶ የሚሄደው ሰው ነጠላውን አዘቅዝቆ፣ ረጋ ብሎ ተቀምጧል። ፍርድ ቤት የሚሄደው እንኳ ጋዜጣ ያነባል። ደስ ሊለው የሚሄደው ሰው ግን፣ የታሰረው ዶሮ ይፈታብኝ ይሆን፣ ቅቤው ይፈስብኝ ይሆን፣ መኪናው ጥሎኝ ይሄድ ይሆን እያለ ኪሱን ይዳብሳል፤ ይነሳል፤ ይቀመጣል፤ የቆጠረውን ጓዝ እንደገና ይቆጥራል። በሐዘን ቀን ያልታየ ጭንቀት በደስታ ቀን የሚታየው ለምንድን ነው? እኔ እንደሚመስለኝ ሐዘን አንዴ የመጣ ነገር ነው፤ ደስታ ግን ገና ያልተደረሰበት ስለሆነ መንገድ ላይ ሊቀር ይችላል።

በቀደም በሬዲዮ አንድ ባለሙያ ስለዚሁ ጉዳይ ምክር ሲሰጡ አዳመጥኩ። በበዓል ሰሞን ለጉዞ ስትነሱ፣ አሉ፣ በቂ እንቅልፍ ተኙ፤ ውሃ በብዛት ጠጡ፤ ሲጨንቃችሁ በረጅሙ ተንፍሱ፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ የሚያስጨንቃችሁን ነገር ለምታምኑት ሰው አውጥታችሁ ንገሩ። መልካም ምክር ነው። በተለይ የመጨረሻውን እኔ እኚህ ባለሙያ ሳይወለዱ ሞክሬዋለሁ። ያልሞከርኩት ነገር ቢኖር፣ አፌን ከመክፈቴ በፊት የምነግረው ሰው ማን እንደሆነ ማጣራትን ነው።

ይህን ታሪክ እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገርኩም፤ ለባለቤቴ እንኳ። ዛሬም የደፈርኩት ሌላ ምክንያት አግኝቼ አይደለም። አክስቴ በመሠረተ ትምህርት ዘመን ፊደል ቆጥረዋል፤ ከዚያ ወዲህ እጃቸው የገባ ወረቀት፣ የስኳር መጠቅለያም ይሁን፣ ሳይነበብ አይጣልም። አሁን ግን መነጽራቸው ከተሰበረ ሰንብቷል። አዲሱ እስኪመጣ ድረስ ነው የኔ ነፃነት። ስለዚህ ቶሎ ቶሎ ልንገራችሁ።

በመጀመሪያ ስለ ዓይነ አፋርነቴ። ዓይነ አፋር ነኝ ስል ጨዋ ለመባል አይደለም። ሱቅ ገብቼ ስኳር ጠይቄ ባለሱቁ ጨው ቢመዝንልኝ፣ አመስግኜ ጨዉን ይዤ የምወጣ ሰው ነበርኩ። ቤታችን ውስጥ በዚህ ዓይነት መንገድ የተጠራቀመ ጨው ነበር። አንድ ቦታ ብቻ ሌላ ሰው እሆናለሁ፤ ክፍል ውስጥ። ጠመኔ ከያዝኩ ድምፄ ከትምህርት ቤቱ አጥር ያልፋል። ሦስተኛ ክፍል ሳስተምር ርዕሰ መምህሩ በመስኮት ብቅ ብለው፣ ይህች በስብሰባ ላይ «አለሁ» ለማለት የምትፈራዋ ልጅ ናት እንዴ ብለው መጠየቃቸውን ሰምቻለሁ። ደመወዝ የሚባል ነገር ባይኖርም አስተምር ነበር፤ በዓለም ላይ ድምፅ ያለኝ እዚያ ብቻ ነበርና።

ጊዜው የደርግ ጊዜ ነው፤ ቦታው ወልድያ። እናቴ ካረፈች በኋላ ያሳደጉኝ አክስቴ እትዬ አስካለ፣ አንድ ቀን ማታ እግራቸውን እያሹ፣ የዘንድሮን ገና ላሊበላ እናከብራለን አሉኝ። ደስታዬን አትጠይቁኝ። የወሎ ልጅ ሆኜ፣ መምህርት ሆኜ፣ ስለ ላሊበላ በየዓመቱ እያስተማርኩ፣ ላሊበላን አይቼ አላውቅም ነበር። ደስታዬ ግን እስከ ራት ድረስ ብቻ ነው የቆየው። ከራት በኋላ ማሰብ ጀመርኩ። በዚያን ጊዜ ከከተማ ለመውጣት ከቀበሌ የይለፍ ወረቀት ያስፈልጋል። የመንግሥት ሠራተኛ ደግሞ ለንግሥ ሄደች ከተባለ በውይይት ክበብ ላይ ተነሥታ ስለ ንቃቷ ማብራሪያ ልትሰጥ ትችላለች። ተነሥቶ ማብራሪያ መስጠት! እስር ቤት ይሻለኛል። አክስቴ ግን አንቺ ዝም ብለሽ ተቀመጪ ብለው፣ ራሳቸው ቀበሌ ሄደው ወረቀቱን አመጡ። «ለቤተሰብ ጉዳይ» ይላል። የአክስቴን ብልሃት አደነቅሁ። እንዲህ ያለ ሽፋን ለማን ይመጣለታል?

የተሳፈርነው በጭነት መኪና ላይ ነው፤ ከታች የጨው ጆንያ፣ ከላይ እኛ። ውሃ በብዛት ጠጡ የሚሉት ባለሙያ ዓይነ አፋር ሴት ሆነው በጭነት መኪና ላይ ተጉዘው እንደማያውቁ በእርግጠኝነት መናገር እችላለሁ። ሾፌሩን «አቁምልኝ» ማለት እንዴት ይቻላል? ሾፌሩ ለምን ብሎ ቢጠይቅስ? ባይጠይቅስ፣ ማወቁ አይቀርም አይደለም? እኔ ከመሄጃችን ዋዜማ ምሳ ጀምሮ ጠብታ ውሃ አልቀመስኩም። ምላሴ ከላንቃዬ ጋር ተጣብቆ፣ አንድ እጄ ገመድ፣ ሌላው እጄ የአክስቴን ቅርጫት ይዞ፣ ቻይናዎች ሲቆፍሩት በነበረው መንገድ ላይ ወደ ላይ ወጣን። በረጅሙ መተንፈስንም ሞክሬዋለሁ። በእያንዳንዱ ትንፋሽ የደልብን ተራራ አቧራ ወደ ውስጥ አስገብቼ ሳስል የነበርኩት እኔ ነኝ።

አጠገባችን አንድ የሐራ ነጋዴ፣ ሼህ እንድሪስ የሚባሉ ሽማግሌ፣ ከባለቤታቸው ጋር ተቀምጠው ነበር። ጋሸና ገበያ ነው የሚሄዱት። ከአክስቴ ጋር ገና ከከተማ ሳንወጣ ተላምደው፣ እሳቸው የኛን ጾም እያደነቁ፣ አክስቴ የሳቸውን የረመዳን ጽናት እያነሱ፣ ሁለቱም ያልጾመውን ሾፌር በጋራ እያሙት ነበር።

ኬላ ላይ ደረስን። ጠመንጃ ያነገተ ወጣት ጠባቂ ጆንያዎቹ ላይ ወጥቶ ወረቀት መሰብሰብ ጀመረ። የኔን አንብቦ አየኝ። እንደገና አነበበ።

«መምህርት ነሽ?»

ራሴን ነቀነቅሁ።

«ላሊበላ ምን ልትሠሪ ነው?»

አፌ ደርቋል፤ ቢረጥብም የሚወጣ ነገር አልነበረም። ጠባቂው ዝምታዬን በንቃት ማነስ ተረጎመው መሰለኝ ቅንድቡን ሰበሰበ። ለንግሥ ነው አይደል፣ የተማረ ሰው ሆነሽ እያለ ሊቀጥል ሲል አክስቴ ጣልቃ ገቡ።

«የምን ንግሥ ጓዴ! ልድራት እየወሰድኳት ነው እንጂ። የቤተሰብ ጉዳይ አይልም እንዴ ወረቀቱ?»

የጠባቂው ፊት በራ። ጠመንጃውን ወደ ኋላ ገፋ አድርጎ ወረቀቴን በሁለት እጁ መለሰልኝና፣ ወልደሽ ሳሚ ብሎ መረቀኝ። መኪናው ሙሉ በእልልታ ተናወጠ። ሼህ እንድሪስ እጃቸውን ዘርግተው ዱዓ አደረጉ፤ ባለቤታቸውም አላህ ያሳምርልሽ የኔ ልጅ እያሉ ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ። ሾፌሩ ጥሩምባ ነፋ። እኔ ነጠላዬን እስከ አፍንጫዬ ስቤ፣ መኪናው ሲንቀሳቀስ ወደ አክስቴ ጆሮ ጠጋ አልኩና፣ እንዴት ያለ ዘዴ መጣልዎት አልኳቸው።

«የምን ዘዴ?» አሉ አክስቴ። «እውነቱን ነው የነገርኩት።»

እንግዲህ አስቡት። የኔን ጋብቻ ቀበሌው ያውቃል፤ ኬላ ጠባቂው ያውቃል፤ ሼህ እንድሪስና ባለቤታቸው፣ ሾፌሩና ጨዉ ሁሉ ያውቃሉ። ጉዳዩ ለሰፊው ሕዝብ ከተገለጠ በኋላ በመጨረሻ ለኔ ደረሰኝ። አክስቴ እንዳስረዱኝ፣ ሰውየው አበራ ይባላል፤ የላሊበላ ልጅ ነው፤ የቆርቆሮ ቤት አለው፤ የልብስ ስፌት መኪና አለው፤ እናት አለችው። በቤቱና በስፌት መኪናው ላይ ቅሬታ አልነበረኝም። እናትየው፣ እመት ደብሬ፣ የአክስቴ የጥንት ወዳጅ ናቸው፤ በዓሉን የምናሳልፈውም እሳቸው ቤት ነው። እዚያ ሆነው ያዩኛል፤ ከወደዱኝ በገና ማግስት ቃል ይታሰራል።

«ትምህርት ቤቴስ?» አልኩ እንደምንም።

አክስቴ ሳቁ። ከሰው ልጅ ጋር ስትጮሂ ከመዋል ትገላገያለሽ አሉኝ።

ከዚያ በኋላ ላስታን አላየኋትም ማለት ይቻላል። ዓይኔ ተገልጦ ነበር፤ ግን አንዲት አረፍተ ነገር እያዘጋጀሁ ነበር። «እትዬ፣ አልፈልግም።» ይኸው ነው። ሦስተኛ ክፍል ተማሪዎቼ ሳይሳሳቱ የሚጽፏት ናት። ይህቺን ኩርባ ስናልፍ እነግራቸዋለሁ እል ነበር። ኩርባውን እናልፋለን። ይህኛው ጠባብ ስለሆነ ያስፈራቸዋል፣ የሚቀጥለው ላይ ይሻላል እላለሁ። ላስታ ኩርባ አያልቅባትም። ያለቀው የኔ ድፍረት ነው። ከጋሸና ቁልቁል ስንወርድ፣ በየዳገቱ ነጭ የለበሱ በእግራቸው የሚጓዙ ምእመናን እያየሁ ቀናሁባቸው። ስንት ቀን ተጉዘው፣ እግራቸው ቆስሎ፣ ከኔ ይልቅ ፈታ ብለው ነበር የሚሄዱት።

እመት ደብሬ ቤት የደረስነው ሲመሻሽ ነው። ቤቱ ከአሸተን ማርያም ተራራ ሥር፣ ዳገት ላይ ያለ ክብ ቤት ነው፤ የልጃቸው የቆርቆሮ ቤት ከጎኑ ያብረቀርቃል። አበራ ራሱ አልነበረም። ለበዓሉ በግ ሊያመጣ ወደ ሰቆጣ መንገድ ወጥቷል፤ ለገና ጠዋት ይደርሳል ተባለ። ትንሽ ተነፈስኩ። ወዲያው ግን መታጠቢያው መጣ።

በላሊበላ ለገና ከሩቅ የመጣን እንግዳ ባለቤቱ እግሩን ያጥበዋል። በረከት ነውና እምቢ አይባልም። አክስቴ ታጠቡ። ቀጥሎ እመት ደብሬ፣ አክስቴን የሚበልጡ ሴት፣ ራሳቸው ላይ ሻሽ አስረው ፊቴ በርከክ አሉ። ኧረ በማርያም አይሆንም አልኩ፤ ማለትም በልቤ አልኩ። እግሬን ያዙት። ውሃው ለብ ያለ ነው። እየታጠብኩ መሆኔን የተረዳሁት ለትንሽ ጊዜ ብቻ ነው፤ ከዚያ በኋላ እየታየሁ ነበር። ተረከዜን ገልበጥ አድርገው ወደ ኩራዙ አቀረቡት። ቁርጭምጭሚቴን በአውራ ጣታቸው ተጫኑት። የእግሬን ጣቶች አንድ በአንድ ለያዩአቸው። ከዚያ ቀና ብለው፣ እኔን ሳይሆን አክስቴን፣ ይህች ልጅ ቆማ ነው እንዴ የምትውለው ብለው ጠየቁ። አክስቴም ለኔ እግር ይቅርታ እየጠየቁ፣ መምህርት አይደለች፣ ቆማ ነው የምትውለው፣ ስታገባ ያርፋል አሉ። እመት ደብሬ «እህ» ብለው እግሬን በነጠላቸው ጫፍ አድርቀው ሳሙት። እናቴን የምታህል ሴት እግሬን ስትስም መሬት ብትከፈት ዘልዬ በገባሁ። ላሊበላ ደግሞ የተከፈተ መሬት ሞልቷል፤ ግን ያን ምሽት አንዱም አልቀረበም።

በማግስቱ አብያተ ክርስቲያናቱን ልንሳለም ወጣን። እመት ደብሬ መሪያችን ናቸው። ከፊት እሳቸው፣ ከኋላቸው አክስቴ፣ ከአክስቴ ኋላ እኔ። ሕዝቡ ከየትም ከየትም እየፈሰሰ ነው። እኔ በየደጁ ስሳለም የምጸልየው ያችኑ አረፍተ ነገር ነው፤ እንድትወጣልኝ።

ከቤተ ገብርኤል ወሩፋኤል ወደ ቤተ መርቆሬዎስ የሚያሳልፍ ዋሻ አለ። ጨለማ ነው ስላችሁ የምታውቁትን ጨለማ አታስቡ። ዓይናችሁን ብትገልጡትም ብትጨፍኑትም ለውጥ የለውም። የሲኦል መንገድ ምሳሌ ነው ይባላል፤ ስለዚህ ምእመን ያለ መብራት ነው የሚያልፈው። አንድ እጅ ግድግዳውን ይይዛል፤ ሌላው እጅ የፊተኛውን ሰው ልብስ። መልቀቅ የለም። እኔ የአክስቴን ነጠላ ጫፍ በጡጫዬ ጠቅልዬ ገባሁ።

ትንሽ እንደሄድን ከኋላ የሚመጡት ገፋ ገፋ አደረጉን። እግሬ ጠጠር መታና ተንገዳገድኩ፤ ነጠላው ከእጄ አመለጠ። በድንጋጤ እጄን ወደ ፊት ወረወርኩ፤ ነጠላ ያዝኩ። እግዚአብሔር ይመስገን አልኩ። ከሣጥን የወጣ የበዓል ነጠላ ሁሉ ሽታው አንድ ነው፤ ልስላሴውም ያው ነው። እንደገና ተራመድን።

እንግዲህ እዚያ፣ ሲኦል መሃል፣ አንድ ነገር ተገለጠልኝ። ፊቴን የሚያይ የለም። እኔም የማንንም ፊት አላይም። ለካ ዕድሜዬን ሙሉ ያስፈራኝ መናገሩ ሳይሆን የሰው ዓይን ነው! በሹክሹክታ ተጣራሁ።

«እትዬ።»

«እህ?» አለኝ ጨለማው፣ እሱም በሹክሹክታ።

«አንድ ነገር ልንገርዎት። ግን አይዙሩ።»

«አልዞርም። ምነው ልጄ?»

«ይህን ጋብቻ አልፈልገውም።»

ነጠላው ለአፍታ ቆመ። ከኋላዬ ያሉት ገፉኝ፤ እንደገና ሄድን።

«ልጁ ምን አደረገሽ?» አለ ሹክሹክታው።

«ምንም። ያላየሁትን ሰው ምን ብዬ እጠላዋለሁ? ያላየሁትንስ ምን ብዬ አገባዋለሁ? ማስተማሬን ካስተዉኝ ድዳ ሆኜ ነው የምቀረው። እዚያ ክፍል ውስጥ ብቻ ነው ሰው የምሆነው፤ ያውቃሉ።»

ጥቂት እርምጃ ሄድን። ከዚያ፦

«እናትየውስ?»

እህቶቼ፣ ዝም ማለት የነበረብኝ እዚህ ላይ ነበር። ግን የዓመታት ዝምታ አንዴ ሲከፈት ማን ይመልሰዋል?

«እሳቸውን እፈራቸዋለሁ» አልኩ። «ትናንት እግሬን ሲያጥቡኝ በቅሎ የሚገዙ ነበር የሚመስሉት። ትንሽ ቢቆዩ ኖሮ ኮርቻ ጭነው ይሞክሩኝ ነበር።»

ነጠላው ይንቀጠቀጥ ጀመር። አክስቴ አለቀሱ ብዬ ደነገጥኩ። ያሳደጉኝን ሴት በተቀደሰ ቦታ አስለቀስኩ ብዬ እጄን ላነሳ ስል፣ ሹክሹክታው በረጅሙ ተነፈሰ።

«ታዲያ ማን ይንገራቸው?»

«እርስዎ ይንገሩልኝ። እኔ እሞታለሁ እንጂ አልነግራቸውም።»

«እሺ» አለኝ። «እነግራቸዋለሁ።»

ሰውነቴ እንዴት እንደቀለለኝ! የቀረውን መንገድ በእግሬ የሄድኩት አይመስለኝም። ከፊት ለፊት እንደ መርፌ ቀዳዳ ያለች ብርሃን ታየች፤ ሰፋች፤ የሰዎቹ ራስ፣ ከዚያ ትከሻ ታየ። ጡጫዬን ተመለከትኩ። የአክስቴ ነጠላ ጥለት አረንጓዴ ነው። በእጄ የያዝኩት ጥለት ቀይና ጥቁር ነበር።

ቀና አልኩ። ሻሻቸው በደንብ የታሰረ፣ አንገታቸው ቀጥ ያለ እመት ደብሬ ከፊቴ ይሄዳሉ። አይዙሩ ብያቸው ነበርና አልዞሩም።

አክስቴ የወጡት ስንት ሰው ካለፈ በኋላ ነው፤ አንድ እግራቸው ጫማ የለውም። ዋሻው ውስጥ አዲሱ የላስቲክ ጫማቸው ወልቆ፣ ከግድግዳው ተጠግተው ሲዳብሱ፣ ለካ እኔ በላያቸው አልፌ ሄጃለሁ። ምነው ለቀቅሽኝ፣ እንደው ሰው በሲኦል መሃል አክስቱን ይለቃል ብለው ተቆጡኝ። እመት ደብሬ ግን ድንጋይ ላይ ተቀምጠው፣ ፊታቸውን በነጠላቸው ሸፍነው ዓይናቸውን ያብሱ ነበር። አክስቴ አዩአቸውና፣ አየሽ የሳቸውን እንባ፣ ሰው እንዲህ ነው ሲኦልን አስቦ የሚያለቅሰው አሉኝ።

ከዚያች ሰዓት እስከ ገና ማግስት ያለው ጊዜ እንዴት እንዳለፈ እኔ ነኝ የማውቀው። የኬላው ጭንቀት፣ የመኪናው ጭንቀት፣ የጥሙ ጭንቀት ሁሉ ተሰብስበው ቢመጡ በእልልታ እቀበላቸው ነበር። እነግራቸዋለሁ ብለዋል። ለማን? ለራሳቸውማ ተነግሯቸዋል። ለአክስቴ ከነገሩ፣ አክስቴ በሰው ቤት በበዓል ቀን በሐፍረት ይወድቃሉ። ለልጃቸው ከነገሩስ? ለቄሱ ከነገሩስ? እመት ደብሬ አፋቸውን ለማንኛውም ነገር በከፈቱ ቁጥር፣ ለንፍሮም ቢሆን፣ እኔ ዓይኔን እጨፍናለሁ። በዋዜማው ሕዝቡ ሲያሸበሽብ ሲዘምር እኔ እሳቸውን ብቻ ነበር የማየው። ለኔ ግን ምንም የተለወጠ ነገር አላሳዩኝም፤ ቦታ ሲጠብ አጠገባቸው ያስቀምጡኛል፤ ብርድ ሲሆን ጋቢያቸውን ያካፍሉኛል። ይህ ደግሞ የባሰ አስጨነቀኝ። የሚቆጣ ሰው መቼ እንደሚመታ ይታወቃል፤ ጋቢ የሚያለብስ ሰው ምን እንደሚያስብ በምን ይታወቃል?

ጠዋት ካህናቱ በቤተ ማርያም ዙሪያ ባለው ገደል አፋፍ ላይ ቆመው ቤዛ ኩሉ ሲሉ፣ ታችኛውና ላይኛው እየተቀባበሉ ሲወዛወዙ፣ አክስቴ በክርናቸው ነኩኝና በአገጫቸው አመለከቱኝ። «ያውልሽ» አሉ። ከአፋፉ ሥር አንድ ረጅም ወጣት ቆሟል። በጉን ከቤት አድርሶ መምጣቱ ነው። ወገኖቼ፣ መደበቅ የለብኝም፤ መልከ መልካም ነበር። ጠይም፣ አፍንጫው የተቀረጸ፣ ነጠላውን ሲያጣፋ እጁ የሚያምር። እኔን ለማየት ቀና አለ፤ ዓይኔን ሲያገኘው ጆሮው ድረስ ቀልቶ መሬት መሬት ማየት ጀመረ። ከኔ የባሰ ዓይነ አፋር! እንዲህ መሆኑን ማን ነገረኝ? ዋሻው ውስጥ ያላየሁትን አላገባም ብዬ ነበር፤ አሁን አየሁት። ግን አንዴ ወደ ጨለማ የተላከ መልእክት እንዴት ይመለሳል? ደግሞስ የሚያምር እጅ ስላለው ጠመኔዬን ልጣል? ከካህናቱ ጋር አብሬ ተወዛወዝኩ፤ ሰው ምስጋና ላይ ነኝ ይለኛል፤ እኔ ከራሴ ጋር እየተከራከርኩ ነበር።

በገና ማግስት፣ ከምሳ በኋላ፣ እመት ደብሬ አክስቴን አጠገባቸው አስቀመጡ። እኔን ግን ከቤት አላስወጡኝም፤ ምድጃው ጋ ሆኜ ሁሉንም ሰማሁ። ረጅም መግቢያ አደረጉ። ልጅቷ ጨዋ ናት አሉ፤ ዘሯን አውቀዋለሁ፤ እጇም ንጹሕ ነው፤ እግሯም ጤነኛ ነው። እዚህ ላይ ፊቴን ወደ ምድጃው አዞርኩ። «ግን አስካለ፣ እህቴ፣» ብለው ቀጠሉ፣ «ይህች ልጅ አንደበት የላትም። ከመጣች ጀምሮ ከአፏ አንድ ቃል አልሰማሁም። የኔም ልጅ ይኸው እንደምታይው ነው። ሁለት ዝምተኛ አንድ ቤት ካስገባን፣ ቤቱ ቢቃጠል ማን ማንን ይጠራል?»

አክስቴ ተከራከሩ። ትናገራለች፣ አፍራ ነው እንጂ ትናገራለች አሉ። ወደኔ ዞረው፣ አንድ ነገር ተናገሪ እንጂ ልጄ ብለው ለመኑኝ። እኔ ወደ እመት ደብሬ አየሁ። እመት ደብሬ ወደኔ አዩ፤ ፊታቸው እንደ ቤተ ክርስቲያኑ ዓለት ነው፤ የሚነበብ ነገር የለውም። አንገቴን ደፋሁ። «ይኸው» አሉ እመት ደብሬ በሐዘን። «አልነገርኩሽም?»

መኪናው ላይ ልንወጣ ስንል ተራ በተራ ሳሙን። እኔን ጉንጬን ሲስሙ ጆሮዬ ላይ ቆዩ። «የኔ ልጅ» አሉኝ፣ ያንኑ የዋሻውን ሹክሹክታ፣ «በቅሎ የሚገዛ ሰው የሚያየው ጥርሷን ነው እንጂ እግሯን አይደለም። ተማሪዎችሽን አስተምሪያቸው።» ከዚያ ጀርባዬን መታ አድርገው ወደ ጆንያው ገፉኝ።

አስተማርኩ። ጡረታ እስክወጣ ድረስ ቆሜ አስተማርኩ። አበራ በሚቀጥለው ዓመት አንዲት ወሬ የማታልቅባት የኩልመስክ ልጅ አገባ ተብሎ ሰማሁ፤ እኔም ጊዜዬን ጠብቄ፣ ፊቱን በጠራራ ፀሐይ በደንብ ካየሁት በኋላ፣ የጂኦግራፊ መምህር አገባሁ። እመት ደብሬ ምስጢሩን ይዘው ዐረፉ፤ ነፍሳቸውን ይማር።

አክስቴ ግን ያን ቀን አልረሱትም። በየበዓሉ ቤተሰቡ ሲሰበሰብ፣ ሴቶች ልጆችን፣ አሁን ደግሞ የልጅ ልጆችን፣ ዙሪያቸው አስቀምጠው የላሊበላውን ነገር ያነሳሉ። ከዚህች ተማሩ ይሏቸዋል። የቆርቆሮ ቤት፣ የልብስ ስፌት መኪና፣ እንደዚያ ያለ የተባረከ አማት፣ ሁሉም ተዘጋጅቶ ቀርቦላት፣ በልቧ ያለውን አንድ ጊዜ፣ አንድ ጊዜ ብቻ፣ አውጥታ መናገር አቅቷት አመለጣት። እናንተ ግን ተናገሩ! ልጆቹ በሐዘኔታ ያዩኛል። ባለቤቴ ይስቃል። እኔ ሳህኔን አያለሁ።

«አያችሁ?» ይላሉ አክስቴ፣ በጣታቸው እያመለከቱኝ። «ዛሬም መልስ የላትም።»